ቢልሃርዚያና የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ኃላፊነት

ለሰበካ ጉባኤ አባላት፣ ለካህናትና ለአብነት መምህራን በተዘጋጀ የልማት ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር





እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ በውኃ የሚተላለፈው የቢልሃርዚያ በሽታ ታሪክና የሚያደርሰው ጉዳት ነው። ስለ በሽታ መናገር የሐኪም ሥራ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ይህ በሽታ የሚያዘው ወንዝ ዳር ነው። በወንዝ ዳር የአብነት ተማሪው ልብሱን ያጥባል፤ ዲያቆኑ ውኃ ይቀዳል፤ ምእመናን ይጠመቃሉ፤ በጥምቀት ዋዜማ ታቦታቱ በውኃ ዳር ያድራሉ፤ ቤተ ክርስቲያናችንም በልማት ሥራዋ ምንጭ ታጎለብታለች፣ መስኖ ትጠልፋለች። ስለዚህ ጉዳዩ ሐኪሙን ብቻ ሳይሆን እኛንም በቀጥታ ይመለከታል።

ላስተላልፈው የምፈልገው ቁም ነገር አንድ ነው። በሽታው እንዴት እንደሚተላለፍ ከታወቀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። መድኃኒቱም ተገኝቷል፤ ለሕፃናትም በነጻ ይታደላል። ይሁን እንጂ የሚታደል መድኃኒት ስሙ በመዝገብ ላይ የሰፈረውን ልጅ ፈልጎ ይደርሳል፤ ስሙ ያልተጻፈውን ግን ሊያልፈው ይችላል። በየአጥቢያችን ስማቸው በመደበኛ ትምህርት ቤት መዝገብ ላይ የማይገኝ ልጆች አሉ። እነርሱም የአብነት ተማሪዎቻችን ናቸው። ዛሬ የምናገረው ሁሉ መድረሻው እነርሱ ናቸው።

በሽታው የሚመላለስበት መንገድ

በአገራችን ሁለት ዓይነት ቢልሃርዚያ ይገኛል፤ አንዱ አንጀትንና ጉበትን የሚጎዳው ሲሆን፣ ሌላው ፊኛንና የሽንት መተላለፊያን የሚጎዳው ነው። ሁለቱንም የሚያመጣው በደም ሥር ውስጥ የሚኖር፣ ርዝመቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ቀጭን ትል ነው። ወንዱ ትል ሴቷን በሰውነቱ ላይ ባለ ሸንተረር አቅፎ ይይዛታል፤ ሁለቱም በዚህ ሁኔታ ለዓመታት አብረው ይኖራሉ። የአንጀቱ ቢልሃርዚያ ሴት ትል በየቀኑ በመቶ የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች።

ከእነዚህ እንቁላሎች ከፊሉ ከሰው ዓይነ ምድር ወይም ሽንት ጋር ይወጣል። በሜዳ ላይ የተጣለውን ዝናብ አጥቦ ወደ ወንዝ ሲያወርደው፣ ወይም ሰው በውኃው ዳር ሲጸዳዳ፣ እንቁላሉ ውኃ ውስጥ ይፈለፈላል። የተፈለፈለው እጭ በአንድ ቀን ገደማ ውስጥ ተስማሚ የሆነ የውኃ ቀንድ አውጣ ማግኘት አለበት፤ ካላገኘ ይሞታል። ካገኘ ግን በቀንድ አውጣው ሰውነት ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ከአንድ እጭ ተነሥቶ በሺህ የሚቆጠሩ ሌሎች እጮች ይወጣሉ። ከሳምንታት በኋላ እነዚህ መንታ ጭራ ያላቸው እጮች ቀን ቀን፣ በተለይም ፀሐይ ስትበረታ፣ ከቀንድ አውጣው እየወጡ በውኃው ላይ ይንሳፈፋሉ። የሰው እግር ወይም እጅ ሲያገኙ በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳውን በስተው ይገባሉ። ቁስል አያስፈልጋቸውም፤ ውኃውን መጠጣትም አያስፈልግም። ቆሞ መታጠብ፣ መሻገር፣ መዋኘት ይበቃል። ሰው ካላገኙ ደግሞ ሁለት ቀን ያህል ብቻ ቆይተው ይሞታሉ። ይህን የሁለት ቀን ነገር በልባችሁ አኑሩልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

እንግዲህ ሰንሰለቱ ሦስት ቀለበቶች አሉት፤ ከሰው ወደ ውኃ፣ ከውኃ ወደ ቀንድ አውጣ፣ ከቀንድ አውጣ ወደ ሰው። ከሦስቱ አንዱ ቢበጠስ በሽታው መመላለስ አይችልም። ውኃው በራሱ በሽታ የለበትም፤ በሽታውን ወደ ውኃው የምናወርደው እኛ ሰዎች ነን።

የሚያደርሰው ጉዳት

ዋናውን ጉዳት የሚያደርሰው ትሉ ሳይሆን እንቁላሉ ነው። ከሰውነት ሳይወጣ የቀረው እንቁላል በደም ተወስዶ በጉበትና በአንጀት ግድግዳ ውስጥ ይቀረቀራል። ሰውነትም ያንን ባዕድ ነገር ለመክበብ ሲታገል ጠባሳ ያበጃል። ይህ በየቀኑ፣ ለዓመታት ሲደጋገም ጉበት ይጠነክራል፤ ጣፊያ ያብጣል፤ ሆድ ውኃ ይቋጥራል፤ በመጨረሻም በጉሮሮ ሥር ያሉት ደም ሥሮች ፈንድተው ሰውየው ደም ሊያስመልስ ይችላል። የሽንት ቢልሃርዚያ በበኩሉ ደም ያሸናል፤ እየቆየም ኩላሊትን ይጎዳል፤ የፊኛ ካንሰርንም ያመጣል። በሴቶች ላይ የማሕፀንን አካባቢ ያቆስላል፤ ለመካንነትና በኤች.አይ.ቪ. ለመያዝም ያጋልጣል።

ሆኖም ይህ ሁሉ የሚታየው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በሕፃንነት ዕድሜ ምልክቱ ዝግ ያለ ስለሆነ ሰው አያስተውለውም። ልጁ ይገረጣል፤ ይደክመዋል፤ ዕድገቱ ይቀጭጫል፤ ሆዱን አልፎ አልፎ ይቆርጠዋል፤ ትምህርት ቶሎ አይገባውም። ዜማ ወይም ቅኔ የሚማር ልጅ ቀለም አልያዝልህ ሲለው መምህሩ ስንፍና ነው ሊል ይችላል። ከስንፍናው በስተጀርባ ግን በደም ሥሩ ውስጥ የተቀመጠ ትል ሊኖር ይችላል። ልጁን ከመገሠጽ አስቀድሞ ማስመርመር ተገቢ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ የቢልሃርዚያ የመከላከያ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ቁጥር ከ251 ሚሊዮን በላይ ነበር። ከእነዚህም እጅግ የሚበዙት የሚኖሩት በአፍሪካ ነው።

የበሽታው ታሪክ

በሽታው ጥንታዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 ማርክ አርማንድ ሩፈር የተባለ ተመራማሪ ሦስት ሺህ ዓመት ያህል የቆዩ የግብፅ አስከሬኖችን ኩላሊት መርምሮ የቢልሃርዚያ እንቁላል አግኝቶባቸዋል። በዓባይ ሸለቆ ሲያርስና መስኖ ሲያጠጣ የኖረ ሕዝብ ከዚህ ትል ጋር አብሮ ኖሯል ማለት ነው። በአንዳንድ የግብፅ መንደሮች የወንድ ልጅ ሽንት ደም መቀላቀሉ በሁሉም ላይ የሚታይ ከመሆኑ የተነሣ እንደ ጉርምስና ምልክት ይቆጠር ነበር። ክፉ ነገር ሲለመድ ጤና መስሎ እንደሚታይ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

የትሉን ማንነት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1851 በካይሮ ቀስር ዓይኒ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ጀርመናዊው ሐኪም ቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው። በሽታው ስሙን የወረሰው ከእርሱ ነው። ይህ ሰው ከእኛ አካባቢ ጋርም የሚያገናኘው ታሪክ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1862 ወደ ምጽዋ ከተደረገ ጉዞ ሲመለስ በትኩሳት በሽታ ተይዞ ገና በ37 ዓመቱ ካይሮ ላይ ዐረፈ።

ቢልሃርዝ ትሉን ቢያገኝም ወደ ሰው እንዴት እንደሚገባ ለማወቅ ስድሳ ዓመት ያህል ፈጅቷል። እ.ኤ.አ. በ1913 ጃፓናዊው ኬይኖሱኬ ሚያይሪ ከባልደረባው ጋር ሆኖ በእስያ የሚገኘውን ዓይነት ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ አገኘ። ከሁለት ዓመት በኋላ ብሪታንያዊው ሮበርት ሌይፐር በግብፅ የሚገኙት ዓይነቶችም በቀንድ አውጣ እንደሚተላለፉ አረጋገጠ።

ሕክምናው የራሱ አሳዛኝ ምዕራፍ አለው። እ.ኤ.አ. በ1918 በካርቱም ይሠራ የነበረው ዶክተር ክሪስቶፈርሰን አንቲሞኒ የተባለ ማዕድን ያለበትን መድኃኒት በደም ሥር በመርፌ በመስጠት በሽታውን ማከም እንደሚቻል አሳወቀ። ግብፅም ከ1950ዎቹ ጀምሮ በዚህ መርፌ ሕዝቧን በሰፊው አከመች። መርፌዎቹ ግን በሚገባ ሳይቀቀሉ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ይዘዋወሩ ስለነበር የጉበት ቫይረስ የሆነውን ሄፓታይተስ ሲ በሕዝቡ መካከል አሠራጩት። ግብፅ ለብዙ ዓመታት በዓለም ላይ ይህ ቫይረስ በብዛት ከሚገኝባቸው አገሮች ቀዳሚዋ የሆነችው በዚህ ምክንያት ነው። መልካም ሐሳብ ያለ ጥንቃቄ ሲፈጸም ሌላ መከራ እንደሚወልድ ለልማት ሠራተኞች ሁሉ ትልቅ ትምህርት ነው። ዛሬ የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል በአፍ የሚዋጥ በመሆኑ ይህ ሥጋት የለበትም።

ወደ አገራችን ስንመለስ

በኢትዮጵያ የአንጀት ቢልሃርዚያ በአብዛኛው የሚገኘው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,000 እስከ 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላቸው ቦታዎች፣ በዝግታ በሚወርዱ ጅረቶች፣ በሐይቅ ዳርና በመስኖ ቦዮች ነው። በጣና ዙሪያ፣ የገዳማት መገኛ በሆነው በዘጌ ጭምር፣ በዝዋይና በሐዋሳ ሐይቆች አካባቢ፣ በትግራይና በሌሎችም ብዙ ወረዳዎች መኖሩ በጥናት ታውቋል። የሽንት ቢልሃርዚያ ደግሞ በቆላማው ምድር፣ እንደ መካከለኛው አዋሽ ባሉ ቦታዎች ይገኛል። በወንጂና በፊንጫ የስኳር ልማት አካባቢዎችም የአንጀት ቢልሃርዚያ ተመዝግቧል። መስኖ በተዘረጋበት ቦታ ቀንድ አውጣው ቦዩን ተከትሎ ይሄዳል፤ ትሉ ያለበት ሰው በመጣ ጊዜ ሰንሰለቱ ይሟላል።

ነገር ግን ለዚህ በሽታ መድኃኒት ከተፈለገባቸው አገሮች መካከል የእኛዋ ልዩ ስፍራ አላት። እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣቱ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ አካባቢ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ በርካታ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ከዚያ በላይ ባለው ውኃ ያሉት ግን በሕይወት ነበሩ። እንዶድ እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ ሲያነጹበት፣ የአብነት ተማሪውም ልብሱን ሲያጥብበት የኖረ ፍሬ ነው። ስንት ትውልድ በየወንዙ ዳር ያየውን ነገር ዶክተር አክሊሉ በሳይንስ ዓይን ተመለከቱት፤ የእንዶድ ፍሬ ቀንድ አውጣን እንደሚገድልም አረጋገጡ።

ቀጥሎም እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 በዐድዋ ከተማ በእንዶድ ቀንድ አውጣን የመቆጣጠር ሥራ ተካሄደ። በአምስት ዓመቱ ውስጥ ዕድሜያቸው ከአንድ እስከ አምስት ዓመት በሆኑ ሕፃናት ዘንድ በበሽታው የተያዙት ከመቶ 50 ወደ 7 ዝቅ አሉ። ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ስለዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ዶክተር አክሊሉ የመሠረቱት የምርምር ተቋም ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስማቸውን ይዞ ይገኛል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። እንዶድ ዓሣንም ይገድላል። ስለዚህ ማንም በራሱ ፈቃድ ዱቄቱን ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ እንዲበትን አልመክርም፤ ይህ በባለሙያ መጠንና ክትትል የሚሠራ ነው። ከዐድዋው ታሪክ የምንማረው ሌላ ነገር ነው፤ የመፍትሔው ከፊል ከእኛው ጓሮ እንደበቀለ፣ ሥራው የተሳካውም ለዓመታት ያለማቋረጥ በመሠራቱ እንደ ሆነ ነው።

ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ልጨምር። በጃፓን ያማናሺ በተባለው አውራጃ የሩዝ ገበሬዎች በእስያው ቢልሃርዚያ ለብዙ ትውልድ ሲሠቃዩ ኖረዋል። ቀንድ አውጣው ከታወቀ በኋላ ነዋሪዎች እየለቀሙት፣ በኖራና በኬሚካል እየገደሉት፣ የመስኖ ቦዮቻቸውንም በሲሚንቶ እየገነቡ፣ ሥራው ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ1996 አውራጃው በሽታው ማብቃቱን አወጀ። የሰንሰለቱ አንድ ቀለበት በጽናት ከተያዘ በሽታውን ማጥፋት እንደሚቻል ይህ ያሳያል።

መድኃኒቱና መድኃኒቱ የሚያልፈው ልጅ

ፕራዚኳንቴል በ1970ዎቹ የተገኘ መድኃኒት ነው። በአንድ ቀን የሚዋጥ ሲሆን መጠኑ በሰውነት ክብደት ይወሰናል፤ በብዛት በሚታደልበት ጊዜ ሚዛን ስለማይገኝ የልጁ ቁመት በዘንግ ተለክቶ የእንክብሎቹ ቁጥር ይታወቃል። መድኃኒቱ ያደገውን ትል ይገድላል፤ ገና ያላደገውን ግን አይገድልም፤ ዳግም ከመያዝም አይከላከልም። ዛሬ መድኃኒት የዋጠ ልጅ ነገ ወደዚያው ውኃ ከገባ እንደገና ይያዛል። ስለዚህ መድኃኒቱ በየጊዜው መደገም አለበት፤ ከንጹሕ ውኃና ከመጸዳጃ ቤት ጋርም መጣመር ይኖርበታል።

አገራችን እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በትምህርት ቤቶች በኩል ሰፊ የእደላ መርሐ ግብር ጀምራለች። ይህ መልካም ሥራ ነው፤ በብዙ ልጆችም ዘንድ ፍሬ አፍርቷል። መርሐ ግብሩ ከትምህርት ቤት ውጭ ያሉትንም ልጆች ለመድረስ ያስባል። ግን የአብነት ተማሪን አኗኗር አስቡት። ከትውልድ ቀዬው ርቆ መጥቷል። ወላጅ አጠገቡ የለም። በጎጆ ይኖራል፤ ቁራሽ ለምኖ ይመገባል፤ ሰውነቱንና ልብሱን በጅረት ያጥባል። ቀበሌው የሚያውቀው ቤተሰብ የለውም፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ስትዞር የምትመዘግበው አባወራ አይደለም። አንዱን ትምህርት ሲጨርስ ሌላ መምህር ፍለጋ ከደብር ወደ ደብር ይሄዳል። እደላው በዓመት አንድ ጊዜ ከሆነ፣ በሄደበት ስፍራ ያልፈዋል፤ በመጣበትም አልፎታል።

ነገሩ በእርሱ ብቻ አያቆምም። ትሉን በሰውነቱ ይዞ ወደ አዲስ ደብር የሄደ ተማሪ፣ እዚያ መጸዳጃ ቤት ካላገኘ፣ ቀንድ አውጣ ወዳለበት ንጹሕ ጅረት በሽታውን ሊያደርስ ይችላል። ጥፋቱ የልጁ አይደለም፤ መጸዳጃ ያላዘጋጀለት ሰው ነው። ነገ ቀሲስ፣ መሪጌታና መምህር የሚሆኑት እነዚህ ልጆች ናቸው። ጉበታቸው እየጠነከረ ዜማና ቅኔ ብናስተምራቸው በአንድ እጃችን የሰጠናቸውን በሌላው ነጠቅናቸው ማለት ነው።

ስለ ጸበልና ስለ ጥምቀተ ባሕር

ይህን ነጥብ በአክብሮትና በግልጽ ላንሣ። «ጸበል ያሳምማል ልትሉን ነው?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። አይደለም። ከዓለት ሥር ፈልቆ በቧንቧ ወይም በተሸፈነ ገንዳ በሚወርድ ምንጭ ውስጥ ይህ ቀንድ አውጣ መኖሪያ አያገኝም። ሥጋቱ ያለው ውኃው ወርዶ በሚተኛበት፣ ቄጠማና አረንጓዴ ዝቃጭ በሞላበት፣ ሰውም በአቅራቢያው በሚጸዳዳበት ስፍራ ነው። ጸበሉን የምናከብር ከሆነ አካባቢውን ማጽዳት የአክብሮቱ አካል ነው።

ለጥምቀት በዓል የሚዘጋጅ ገንዳ ከወንዝ ውኃ የሚሞላ ከሆነ የሁለት ቀኑን ነገር አስታውሱ። ቀንድ አውጣ በሌለበት፣ ተጠርጎ በታጠበ ገንዳ ውስጥ ከሁለት ቀን በላይ ሳይነካ የቆየ ውኃ እጮቹ ሞተውበት ያድራል። ስለዚህ ገንዳውን በዋዜማው ሳይሆን ሦስት ቀን አስቀድሞ መሙላት፣ ሲሞላም በወንፊት ወይም በጨርቅ ቀንድ አውጣ እንዳይገባ መጠበቅ፣ እስከ በዓሉም ሰው እንዳይገባበት ማድረግ ያለ ወጪ የሚሠራ ነገር ነው። ውኃው ለመጠጥ የሚሆን ከሆነ ግን ይህ ብቻ አይበቃም፤ ሌሎች ተሕዋስያን ስላሉ ሌላ የማጣራት ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ታሞ ወደ ጸበል የመጣ ምእመንም ጸበሉን እየተጠመቀ መድኃኒቱን እንዲወስድ እንምከረው። በኤች.አይ.ቪ. ዘመን ቤተ ክርስቲያናችን ጸበልና መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ አስተምራለች፤ ለቢልሃርዚያም ያው ነው።

በየአጥቢያው የሚሠራ ሥራ

ንግግሬን በሚሠራ ነገር ልጠቅልል። ከአጥቢያ አቅም በላይ የሆነ ነገር አላነሣም።

አንደኛ፣ መዝገብ። ሰበካ ጉባኤው ከመምህሩ ጋር ሆኖ በአጥቢያው ያሉትን የአብነት ተማሪዎች ስም፣ ዕድሜና የመጡበትን ወረዳ ይጻፍ። አዲስ ሲመጣ ይጨመር፤ የሄደ ሲኖር ወዴት እንደ ሄደ ይመዝገብ። ዝርዝሩ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትና ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይሰጥ። በእደላው ቀን የአብነት ትምህርት ቤቱ እንደ አንድ ጣቢያ እንዲቆጠር በደብዳቤ ይጠየቅ።

ሁለተኛ፣ ምግብ። ፕራዚኳንቴል በባዶ ሆድ ሲወሰድ ያቅለሸልሻል፣ ያዞራል፣ ሆድ ይቆርጣል። አንድ ልጅ ሲያስመልስ ሌሎቹ ፈርተው ይሸሻሉ። የአብነት ተማሪ ደግሞ በአብዛኛው ባዶ ሆዱን ነው፤ ጾምም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቀኑና ሰዓቱ ከጤና ባለሙያው ጋር አስቀድሞ ይመከርበት፤ ከተቻለ ጾም ባልሆነ ቀን፣ ካልሆነም ከጾሙ ሰዓት በኋላ ይሁን። በዚያ ቀን ለልጆቹ ምሳ ማዘጋጀት ለሰንበቴና ለጽዋ ማኅበራት ከባድ አይደለም።

ሦስተኛ፣ መጸዳጃ ቤት። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር አቅራቢያና በተማሪዎቹ ጎጆ ዘንድ ከውኃ የራቀ፣ የሚጠበቅ መጸዳጃ ቤት ይቆፈር። በንግሥ በዓል በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ሲሰበሰብም ጊዜያዊ መጸዳጃ ይዘጋጅ፤ የበዓሉ ማግሥት ዝናብ ወደ ወንዙ የሚያወርደው ነገር አይቅር።

አራተኛ፣ የማጠቢያ ስፍራ። ተማሪው ወደ ጅረት ሳይገባ ልብሱንና ገላውን የሚያጥብበት፣ ውኃው በቧንቧ ወይም በባልዲ የሚመጣበት የሲሚንቶ መደብ ይሠራ። ወንዝ መግባት ግድ በሚሆንበት ስፍራ ከረፋድ እስከ ቀትር በኋላ ያለውን ሰዓት ማራቅ ጉዳቱን ይቀንሳል፤ ፈጽሞ ግን አያስቀርም። ውኃ ቀድቶ ሁለት ቀን አቆይቶ መታጠብ ከዚህ ይሻላል።

አምስተኛ፣ የልማት ዕቅድ። ኮሚሽናችንም ሆነ ሌላ አካል በአጥቢያችሁ ኩሬ፣ ግድብ ወይም መስኖ ሲያቅድ፣ «ቀንድ አውጣው የት ይኖራል? ሰው የት ይሻገራል? የት ይጸዳዳል? ልብስ የት ይታጠባል?» ብላችሁ ከቁፋሮው በፊት ጠይቁ። መሻገሪያ ድልድይ፣ የሚጠረግ ቦይና መጸዳጃ ከመጀመሪያው በበጀት ውስጥ ካልገቡ ኋላ የሚያስገባቸው የለም።

ስድስተኛ፣ ትምህርት። ወደ ቤተሰብ ሁሉ የሚገባ፣ የሚታመን፣ ምስጢር የሚጠብቅ ሰው የንስሐ አባት ነው። ደም ያለበት ሽንት ወይም ዓይነ ምድር ጤና አለመሆኑን፣ የሆድ መነፋት ሁልጊዜ መተት አለመሆኑን፣ ምርመራው ቀላል መሆኑን ከእርሱ አፍ ሲሰሙት ምእመናን ይቀበሉታል። ሴቶች ይህን ሕመም በማፈር ስለሚደብቁት እናቶች ለእናቶች የሚነጋገሩበት መንገድ ይዘጋጅ።

ክቡራን አባቶችና ወገኖች፤

የግብፅ ገበሬ ትሉን ሦስት ሺህ ዓመት ተሸክሞ ሲኖር ምክንያቱን አያውቅም ነበር። እኛ እናውቃለን። የጃፓን ገበሬ ሲታገል ፕራዚኳንቴል በእጁ አልነበረም። በእኛ እጅ አለ። የዐድዋ እናቶች መፍትሔውን በየወንዙ ዳር ሲያፈሱት ስሙን የነገራቸው አልነበረም። ለእኛ ተነግሮናል። የቀረን መድኃኒቱ ልጁን የሚያገኝበትን መንገድ መጥረግ ነው፤ ያም መንገድ የሚጀምረው ከአንድ ደብተርና ከአንድ እስክሪብቶ ነው።

ስለዚህ የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። ከዚህ ሥልጠና ወደየአጥቢያችሁ ስትመለሱ በመጀመሪያው የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ አንድ አጀንዳ ያዙ፤ «በደብራችን ስንት የአብነት ተማሪ አለ? ስንቱስ ባለፈው ዓመት መድኃኒት ወሰደ?» የሚል። መልሱን ጻፉት። ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው ካነሰ፣ በሁለቱ መካከል የቀሩት ልጆች በአደራ የተሰጡን ናቸው።